በሩ ከመደፈኑ በፊት፦ ለሕንፃችን የእሳት አደጋ መከላከል ኮሚቴ ሊቀመንበር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕንፃችን የእሳት አደጋ መከላከል ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
ባሉበት፣ ማለትም አራተኛ ፎቅ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለባለቤትዎም፣ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለሚኖረው ፎቶግራፍዎም ሙሉ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ጉንፋንዎ እንደተሻለዎት ከደረጃው በሚሰማው ድምፅዎ ተረድቼ ደስ ብሎኛል። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ያለነው ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናቴም ከነባለጎማ ወንበሯ ደህና ናት፤ ሰላምታ ልካለች። የላከችው ሰላምታ ሁሉ ግን ለአደባባይ ደብዳቤ ስለማይመች የሚጻፈውን ብቻ ጽፌዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፉት ውሳኔ ነው። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ግንበኛ መጥቶ በሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ጫፍ፣ ከቤታችን አጠገብ ያለውን የጀርባ በር በብሎኬት ይደፍነዋል ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ማንበብ የተማርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ስለሆነ ጽሑፍ መሐሉ ላይ ተቀዶ ሲቀር የጎደለውን በራሴ መሙላት ለምጃለሁ፤ የእርስዎ ማስታወቂያ ግን ሳይቀደድ፣ ማኅተም እንኳ ሳይጎድለው፣ የጎደለውን መሙላት አቃተኝ።

ጎረቤቶቼ እንደሚያውቁት ብዙ የምናገር ሴት አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ አፌ ውስጥ ስፒል ስለሚውል ዝምታው በዚያው ልማድ ሆኖብኛል። በዚህም የተነሣ ላለፉት ዓመታት ለኮሚቴዎ የሚገባውን ምስጋና ሳላቀርብ ኖሬያለሁ። ዛሬ ስፒሎቹን አውጥቼ፣ ውለታዎን በቁጥር እየለየሁ ላመሰግንዎት ተቀምጫለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ደንቡ አመሰግናለሁ። በዋናው መግቢያ ላይ በወፍራም ፊደል አስጽፈው የሰቀሉት፣ «በሕንፃው ውስጥ ከኮሚቴው ዕውቅና ውጪ እሳት መነሣት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ከወጣ ጀምሮ እንቅልፌ ተስተካክሏል። እኔ በበኩሌ ምናልባት እሳት ማንበብ የማይችል ቢሆንስ ብዬ፣ ካውያዬን ተጠቅሜ ስጨርስ ሶኬቱን እነቅላለሁ፣ የጨርቅ ቁርጥራጩን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ከካውያው አርቄ አስቀምጣለሁ፣ ምድጃው አጠገብም ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፌ አኖራለሁ፤ ድስት ድንገት ቢያያዝ አፉን ለማፈን ይሆናል። ይህን ማድረጌ በማስታወቂያዎ አለመተማመን እንዳይመስልብኝ አደራ እላለሁ።

ሁለተኛ፤ በየፎቁ ለተሰቀሉት ቀያይ የእሳት ማጥፊያዎች ስላደረጉት እንክብካቤ አመሰግናለሁ። አቧራ እንዳይነካቸው ብለው የመጡበት ላስቲክ እንዳይወልቅ አዘዙ። ላስቲኩ ደግሞ ለዓይን አይስብም ተብሎ በላዩ የዳንቴል ልብስ እንዲደረግላቸው ተወሰነና ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛዋ መምህርት ክር ገዝተው፣ ዓይናቸውን አድክመው፣ ለእያንዳንዳቸው ቀሚስ ከነቆቡ ሠሩላቸው። በእውነቱ አምሮባቸዋል። ሕንፃችንን ለመጎብኘት የመጡት እንግዶች የሕፃን ልጅ ልብስ መስሏቸው የማን ልጅ ነው ብለው የጠየቁትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ባለፈው ወር በጭሱ ዕለት የሆነውን ብቻ ለመረጃ ያህል ላስታውስዎት። ለማያውቀው አንባቢ፣ ያን ዕለት ከቀትር በፊት በአንደኛውና በሁለተኛው ፎቅ መካከል፣ የመብራት ቆጣሪዎቹ በተሰቀሉበት ደረጃ ላይ እሳት ተነሣ። መጀመሪያ ያየው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ ጎረቤታችን ነበር። ሮጦ የእሳት ማጥፊያውን ያዘና ከኋላው የታሰረውን የዳንቴል ቋጠሮ ለመፍታት ሲታገል መምህርቷ በራቸውን ከፍተው፣ «ቀስ አድርገህ፣ ልጄ! ክሩ ይተረተራል!» አሉት። እሱም፣ «እትዬ፣ ታዲያ እርስዎ ክሩን ይያዙልኝ፣ እኔ እሳቱን ልያዝ?» ቢላቸው ተቀየሙት፤ እስከ ዛሬም ሰላምታ የላቸውም። ቋጠሮው ሲፈታ ላስቲኩ ተገኘ። ላስቲኩ ሲቀደድ ሌላ ላስቲክ ተገኘ። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠው። አሁንም አዲስ እንደሆነ ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሦስተኛ፤ ስለ አበቦቹ አመሰግናለሁ። ቀድሞ በየደረጃው አሸዋ የተሞሉ ቀይ ባልዲዎች ነበሩ። አሸዋ ብቻውን ከሚቀመጥ ብለው አፈር አስጨምረው አበባ አስተከሉባቸው፤ ጥበቃውም በየጠዋቱ ውሃ እንዲያጠጣቸው አዘዙ። ፀጉር አስተካካዩ የእሳት ማጥፊያው አልከፈት ሲለው ያገኘው እነዚህን ባልዲዎች ነው። እርጥቡን አፈር ከነአበባው፣ ከነሥሩ በእሳቱ ላይ ገለበጠው፤ ነበልባሉም ተኛ፤ የቀረው ጭስ ብቻ ሆነ። ኋላ ቆጣሪውን ሊጠግን የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፍሙን በእግሩ ገለጥ አድርጎ ሲያሳየን፣ ከቆጣሪዎቹ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጦ የተቃጠለው ነገር የኮሚቴው ትልቁ የጨርቅ መፈክር ነበር። ጫፉ ስላልነደደ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ይነበባል። ከተቃጠለ በኋላም ቢሆን በቅጠል መጥፋቱን ሳየው ኮሚቴዎ ቃሉን የሚጠብቅ መሆኑን አምኛለሁ።

ለፀጉር አስተካካዩ «አረንጓዴ ስፍራ በማውደም» በሚል የሰጡትን ማስጠንቀቂያ ግን እናቴ በደንብ አልገባትም። እኔ ላስረዳት ሞክሬ ነበር፤ በመሐል ሳቅ አቋረጠኝ።

አራተኛ፤ ስለ ደወሉ። ይህ ውለታዎ ከሁሉ ስለሚበልጥ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

የአደጋ ደወል ሳይደወል ከተቀመጠ ይዝጋል ብለው ስብሰባም በእሱ እንዲጠራ አደረጉ። በዚህ ደወል ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ ቁመት ተሰብስበናል፤ ስለ መጋረጃ ቀለም ተሰብስበናል፤ የማን እንደሆነች ስላልታወቀች አንዲት ድመት ከምሳ እስከ ማታ ተሰብስበን ድመቷ ራሷ ሰልችቷት ወጥታለች። ሰው ደግሞ ክፉ ፍጡር ነው፤ ቀስ በቀስ መላ አበጀ። ደወሉ ሲደወል ሬዲዮ ይጠፋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ድስት ከምድጃ ይወጣል። የሕንፃችን ልጆች ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ማድረግን ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ነው የተማሩት።

በጭሱ ዕለት ፀጉር አስተካካዩ ያንን ደወል ባለ በሌለ ኃይሉ ደወለ። ወዲያው ሕንፃው በሙሉ ጭር አለ። እኔ የሠርግ ልብስ እየሰፋሁ ነበር፤ እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና፣ «መኪናውን አቁሚ። ቤት የለንም» አለችኝ። አቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ በራችን በጡጫ ይደበደብ ጀመር፤ «ክፈቱ! እሳት ነው! በናታችሁ ክፈቱ!» ይላል ልጁ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ደግሞ አዲስ ዘዴ ነው፤ ባለፈው ሻይ አለ ብለው አልነበር?» አለች። በበሩ ሥር ጭስ ሲገባ ባላይ ኖሮ እስካሁንም ቤት አልነበርንም።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ሰው ከእሳት ሲደበቅ አይቻለሁ፤ ከእሳት ደወል የሚደበቅ ሕዝብ ያፈሩ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም።

አምስተኛ፤ እንግዲህ ስለ በሩ ነው። በተራ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ስለምፈራው ነው እንጂ ስለሚያንስ አይደለም።

ሕንፃችን ዳገት ላይ የተሠራ መሆኑን ያውቃሉ። ፊት ለፊቱ በታችኛው መንገድ ነው፤ በጀርባው ግን ሦስተኛው ፎቅ ከላይኛው መንገድ ጋር እኩል ይሆናል። የጀርባውን በር መቀርቀሪያ ስስበው አንዲት አጭር የሲሚንቶ ድልድይ አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ መንገድ ነው። አንድም ደረጃ የለውም። እናቴ እግሯ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ፀሐይ የምታየው፣ ሐኪም ዘንድ የምትሄደው፣ አላፊ አግዳሚውን የምትቆጣውም በዚያ በኩል ወጥታ ነው። በጭሱ ዕለትም ዋናው ደረጃ ጭስ ሞልቶት ስለነበር ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የወጣው በዚያው በር ነው። አንዷ ማማሰያ ይዛ፣ አንዱ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ መምህርቷም የዳንቴል ቆቡን ታቅፈው ላይኛው መንገድ ላይ ተሰለፍን። እናቴ ዞር ዞር ብላ ሕዝቡን አየችና፣ «አያችሁ፣ ሰው ሲፈልግ ስብሰባ ይሞላል» አለች። ከዚያ ወዲያ ያልሳቀ የለም፤ አንዳንዱ እያለቀሰ ነበር የሳቀው።

የሚያሳዝነው ጥበቃው ነው። በመመሪያዎ መሠረት በፊተኛው በር ቆሞ የሚወጣውን ሰው ሊቆጥር ይጠባበቅ ነበር። ከላይ አንድም ሰው ሳይወርድ ሲቀር ምስኪኑ ሁላችንንም አንድ ላይ አለቀሰልን። በኋላ ከዳገቱ ስንወርድ ሲያየን ለእያንዳንዳችን «እንኳን ከሞት ተረፉ!» እያለ ጉልበታችን ላይ ወደቀ። ከዚህ ሁሉ ኮሚቴው የቀሰመው ትምህርት፣ «ነዋሪዎች ባልተመደበ በር ያለ ሥርዓት በመውጣት ቆጠራውን ስላዛቡ በሩ ይደፈን» የሚል ሆኖ ወጣ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለካ ስለ ሕንፃ ኖሯል።

ባለፈው ሳምንት ስፒሌን ከአፌ አውጥቼ ቢሮዎ ድረስ በመምጣት አመልክቻለሁ። በትሕትና አስተናገዱኝ፤ ወንበርም ሰጡኝ። «አይዞሽ፣ እህቴ፤ በአደጋ ጊዜ እማማን ኮሚቴው ራሱ ተሸክሞ ያወርዳቸዋል» አሉኝ። ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ «ኮሚቴው ማን ማን ነው?» አለችኝ። ቁጭ ብለን አሰብን። ጸሐፊው ወገባቸውን በቀበቶ አስረው ነው የሚሄዱት፤ እናቴን ቢሸከሙ ተሸካሚ ሁለት ሊያስፈልግ ነው። ገንዘብ ያዡ ወደ ሌላ ሰፈር ከተዛወሩ ቆይተዋል፤ የሚመጡት ደወል ሲደወል ብቻ ነው፤ ደወሉም እዚያ ድረስ አይሰማም። የቀሩት እርስዎ ነዎት። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ እግር ግን ሦስት ፎቅ ደረጃ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ እኔና እናቴ ተመካክረን በአክብሮት የምናቀርብልዎት አንድ ጥያቄ አለ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ግንበኛው ሲሚንቶውን ከማቡካቱ በፊት፣ እናቴን ከቤታችን ደጃፍ እስከ ታችኛው በር ተሸክመው ያውርዱልን። በእውነተኛው አደጋ ጭስ ስለሚኖር ዓይንዎን በእርጥብ ጨርቅ እሸፍንልዎታለሁ፤ ጨርቁን አዘጋጅቻለሁ፤ ጠርዙም ተሰፍቷል። እሳት ስለማይጠብቅ በሩጫ ቢሆን ይመረጣል። እናቴ በየትኛውም በኩል ቀላል ሴት እንዳልሆነች ከወዲሁ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። እሷ በበኩሏ ተስማምታለች፤ ነጭ ሻርፗንም አጥባለች። አንድ ስጋት ብቻ አላት፦ «እኔ የምፈራው መውደቁን አይደለም፤ ሰውዬው መሐል ደረጃ ላይ ስብሰባ እንዳይጠራብኝ ነው» ትላለች።

እናቴን ሳያስቀምጡ ታች ካደረሷት፣ ሲሚንቶውን ራሴ አቡክቼ ብሎኬቱን ለግንበኛው አቀብላለሁ፤ ሕዝብ ይመስክርብኝ። መንገድ ላይ ካስቀመጧት ግን በሩ ይቅር። የተገዛውም ብሎኬት እንዳይባክን መደገፊያ ለሌላት ለዚያች ድልድይ ግራና ቀኝ መከለያ ይሁንላት።

አሁን ለጥቂት መሥመር ቀልዱን ልተወው። ክር ልገዛ ስወጣ እናቴን ብቻዋን ነው ትቻት የምሄደው። ከመውጣቴ በፊት ካውያውን፣ ምድጃውን፣ መብራቱን በእጄ እየነካሁ አያለሁ፤ ደረጃው ላይ ደርሼ የምመለስበት ቀንም አለ። የቤቴን ሶኬት መንቀል እችላለሁ፤ የጎረቤቴን መንቀል አልችልም፤ ከቆጣሪ ሥር የተወተፈ ጨርቅም የማንሣት ሥልጣን የለኝም። ቤቴን ከእሳት ለመጠበቅ አቅሜ የሚችለውን ሁሉ አድርጌ የሚተርፈው ነገር ያ በር ነው። እኔ ባልኖር ማንም ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ መቀርቀሪያውን ስቦ ወንበሯን ሊገፋላት ይችላል። ግድግዳ ግን አይገፋም። ደወሉ ለእሳት ብቻ ይሁን፤ ማጥፊያዎቹ ይራቆቱ፤ የቆጣሪው ሥር ይጠረግ፤ እነዚህን ቢያዘገዩብኝ እታገሣለሁ። በሩን ግን አልታገሥም።

ይህን ያህል ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ቀንዎ ጭስ የሌለበት፣ ስብሰባዎ ሰው የሞላበት፣ ጉልበትዎም ለቅዳሜ የበረታ ይሁንልዎት እላለሁ።

እጅ ነሥታ፣ ወንበር ስለሰጧት ሁልጊዜ የምታመሰግንዎ፣
ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ እስከ ቅዳሜ በር ካለው ጎን፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት ሁላችንም ደወሉ የስብሰባ መስሎን ስንደበቅ፣ ስብሰባ አለመጠራቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ በሕንፃው ውስጥ ነበር፤ ጠሪው እርስዎ ነዎትና። እናቴ ወንበሯን በሩ ጥግ አድርጋ ኮሪደሩን በቀዳዳ ማየት ትወዳለች። ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ በራችንን ከመደብደቡ አስቀድሞ እርስዎ ከአራተኛ ፎቅ ወርደው፣ በደጃችን በሩጫ አልፈው፣ በጀርባው በር ሲወጡ አይታዎታለች። አንዴ እንኳ አንኳኩተው ቢሆን እንሰማ ነበር፤ ጸጥ ብለን ነበርና። እናቴ ግን «ቸኩሎ ነው፣ አልፈርድበትም» ብላለች። በጀርባው በር ደፍ ላይ ጥለውት የሄዱት ግራ እግር ነጠላ ጫማዎ እኛ ዘንድ በንጽሕና ተቀምጧል፤ ቅዳሜ ሲመጡ ይረከቡት፤ ባዶ እግርዎን ሰው ተሸክመው ደረጃ እንዳይወርዱ።